መስመር በሞዴሉ ፊት፣ ቀለም ከሞዴሉ በኋላ፦ የኤጎን ሺሌ የወረቀት ሥራዎች ዕድገት (1906–1918)

አኅፅሮተ ጥናት

ኦስትሪያዊው ሠዓሊ ኤጎን ሺሌ (1890–1918) ከኤክስፕረሽኒዝም ዐበይት ወኪሎች አንዱ ነው። ስለ እርሱ የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ንድፎቹንና የውሃ ቀለም ሥራዎቹን የሕይወቱ ምስክር አድርጎ ያነባቸዋል። ይህ አጭር ጥናት ግን ዕድገታቸውን ከአሠራራቸው ተነሥቶ ይመረምራል። መነሻው ሺሌ መስመሩን ሞዴሉን እያየ፣ ቀለሙን ግን ሞዴሉ በሌለበት ይሠራ እንደነበር የሚያስረዳው የዘመኑ ምስክርነት ነው። የጥናቱ መከራከሪያም በ1910 እና በ1918 መካከል የታየው ለውጥ ከሁሉ በፊት በመስመርና በቀለም መካከል የነበረው የሥራ ክፍፍል ለውጥ ነው የሚል ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

የኤጎን ሺሌ የሥራ ዘመን እጅግ አጭር ነው። በ1906 በ16 ዓመቱ ወደ ቪየና የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገባ፤ በጥቅምት 1918 በወቅቱ በተዛመተው የኅዳር በሽታ በ28 ዓመቱ ሞተ። በእነዚህ 12 ዓመታት ውስጥ በሸራ ላይ ከሣላቸው ሥዕሎች ይልቅ በወረቀት ላይ የሠራቸው በቁጥር እጅግ ይልቃሉ፤ ወደ እኛ የደረሱት ብቻ ከ2,000 በላይ ናቸው። ይህ የቁጥር ብልጫ ብቻውን ክርክር ባያስነሣም፣ የወረቀት ሥራዎቹ ምንነት ግን ያከራክራል። ለብዙ ሠዓልያን ንድፍ ለዘይት ቀለም ሥዕል መሰናዶ ነው። የሺሌ አርአያ የነበረው ጉስታቭ ክሊምት እንኳ አብዛኛዎቹን ንድፎቹን የሠራው ለሚያቅዳቸው ሥዕሎች ጥናት እንዲሆኑት ነበር። ሺሌ ግን ከ1910 ጀምሮ ብዙዎቹን ወረቀቶች በራሳቸው የተፈጸሙ ሥራዎች አድርጎ ስሙንና ዓመቱን ጽፎባቸዋል፤ ለሰብሳቢዎችም ሸጧቸዋል። ስለዚህ ዕድገታቸው የዘይት ቀለም ሥዕሎቹ ዕድገት ጥላ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ የራሱ ታሪክ አለው።

ይህን ታሪክ ለመተረክ የተለመደው መንገድ የሕይወት ታሪክ ነው። የአባቱ ሞት፣ የ1912ቱ እስር፣ ጋብቻው፣ ጦርነቱና ያለ ዕድሜው መሞቱ እያንዳንዱ ለአንድ የአሣሣል ለውጥ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል። ይህ ንባብ ፍጹም ሐሰት ነው ባይባልም፣ ወረቀቱ ራሱ የሚናገረውን ይሸፍናል። ከዚህ በታች በቅድሚያ ስለ አሠራሩ ያለው ማስረጃ፣ ቀጥሎም የዕድገቱ ደረጃዎች፣ በመጨረሻም የሕይወት ታሪክ ንባቡ ወሰን ይቀርባል።

2. ስለ አሠራሩ ያለው ማስረጃ

ሺሌን በቅርብ ከሚያውቁት ሰብሳቢዎች አንዱ የባቡር መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን የነበረው ሃይንሪክ ቤነሽ ነው። ገንዘቡ ውሱን ስለነበር በዋናነት የሚሰበስበው የወረቀት ሥራዎችን ነበር። ሺሌ በ1913 ቤነሽን ከልጁ ከኦቶ ጋር በአንድ ሸራ ላይ ሥሏቸዋል፤ ኦቶ ቤነሽም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቪየናው አልበርቲና ሙዚየም ዳይሬክተር ለመሆን በቅቷል። አባትየው ስለ ሠዓሊው በጻፈው ትዝታ ውስጥ ለዚህ ጥናት መሠረት የሆኑ ነጥቦች ይገኛሉ። ሺሌ እጅግ ፈጥኖ ይነድፋል፤ ላጲስ አይጠቀምም፤ ሞዴሉ አቋሙን ቢለውጥ አዲሱን መስመር ከቀድሞው ጎን በዚያው እርግጠኝነት ያሰምራል፤ ቀለሙን ደግሞ ሁልጊዜ የሚጨምረው ሞዴሉ በሌለበት፣ ከትዝታው ነው።

በዚህ ምስክርነት መሠረት አንድ ባለቀለም ወረቀት በውስጡ ሁለት ጊዜዎችን ይዟል። የመጀመሪያው ሠዓሊውና የሚሣለው ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት የተገናኙበት ጊዜ ነው፤ መስመሩ የዚህ ጊዜ መዝገብ ነው። ሁለተኛው ሠዓሊው ብቻውን ከወረቀቱ ጋር የቀረበት ጊዜ ነው፤ ቀለሙ የዚህኛው ነው። መስመሩ ለሚታየው አካል ተጠያቂ ነው፤ ቀለሙ ተጠያቂነቱ ለመስመሩና ለሠዓሊው ሐሳብ ብቻ ነው።

በአልበርቲና የሚገኘው የ1910 የእርሳስ ንድፍ ይህን የመጀመሪያውን ጊዜ በግልጽ ያሳየናል። በንድፉ ላይ እርቃኗን የቆመች ሴት ጀርባዋን ለተመልካቹ ሰጥታ ትታያለች፤ ከፊቷ ባለው መስታወት ውስጥ የፊት ገጽታዋ፣ ከበስተኋላዋም ተቀምጦ የሚነድፈው ሠዓሊ ራሱ ይታያል። መስታወቱ ሺሌ ከስቱዲዮ ወደ ስቱዲዮ ሲዛወር ይዞት የሚሄድ፣ ለራስ ምስሎቹም የሚገለገልበት ዕቃ ነበር። ወረቀቱ ቀለም የለውም። የሚናገረውም ስለ ማየት ብቻ ነው፤ ማን ማንን እንደሚያይ፣ ከየት ሆኖ እንደሚያይ።

ምስክርነቱ የቀረበው ለሠዓሊው ወዳጅ ከሆነ ሰው በመሆኑ ብቻውን በቂ አይደለም። ወረቀቶቹ ግን ይደግፉታል። በብዙዎቹ ላይ ቀለሙ ከመስመሩ ወሰን ያልፋል፣ ወይም ሳይደርስ ይቀራል፤ በቆዳ ላይ የሚታየው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊም ከእውነተኛ ሰው ቆዳ የተቀዳ አይደለም። የመስመሩ ትክክለኛነትና የቀለሙ ነጻነት በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን መገኘታቸው በሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች መሠራታቸውን ይጠቁማል።

3. መነሻ፦ 1906–1909

ሺሌ የተወለደው በዳኑብ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቱልን ከተማ ሲሆን አባቱ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበር፤ የልጅነት ንድፎቹም ባቡሮች ናቸው። በአካዳሚው ያስተማረው ክርስትያን ግሪፐንከርል የታሪካዊ ሥዕል ባህል ጠባቂ ነበር። በዚያ ዘመን የተሠሩት የተማሪነት ንድፎች የሰውን አካል በብርሃንና በጥላ የመቅረጽ ጥብቅ ሥልጠናን ያሳያሉ። በኋላ የታየው መጠንን የማዛባት ድፍረት ካለማወቅ የመነጨ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ እነዚህን ወረቀቶች ማየት ይበቃል።

በ1907 ከክሊምት ጋር ተዋወቀ። እስከ 1909 ድረስ የሠራቸው ሥራዎች የክሊምትን የተለሳለሰ የክፈፍ መስመርና ጠፍጣፋ የጌጥ ቦታ ይከተላሉ። በእነዚህ ሥራዎች ቀለም የጌጥ ክፍል ነው፤ መስመሩ የከለለውን ቦታ ይሞላል። በሁለቱ መካከል ገና ውጥረት የለም። በ1909 ሺሌ ከጓደኞቹ ጋር አካዳሚውን ትቶ አዲሱ የጥበብ ቡድን የተባለውን ማኅበር መሠረተ። ከአንድ ዓመት በኋላ የወረቀት ሥራው ፈጽሞ ተለወጠ።

4. የ1910 ለውጥ

በ1910 በሺሌ ወረቀት ላይ ሦስት ነገሮች በአንድነት ይታያሉ። አንደኛ፣ ጌጡ ከነዳራው ተወግዷል። ሰው ብቻውን በባዶ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ የተቀመጠበት ወንበርም ሆነ የተኛበት አልጋ አይነደፍም። ሺሌ አንዳንድ ጊዜ መሰላል ላይ ወጥቶ ከላይ ወደ ታች ይነድፍ ነበር፤ አንዳንዴም የተኛውን ሰው ሥዕል እንደቆመ ሆኖ እንዲታይ ፊርማውን በሌላ አቅጣጫ ያኖረው ነበር። ስለዚህ ተመልካቹ አካሉ የሚያርፍበትን መሬት ያጣዋል።

ሁለተኛ፣ መስመሩ ማዕዘናማ ሆኗል። ትከሻ፣ ክርንና ጉልበት የአቅጣጫ መሰበሪያ ነጥቦች ሆነው ጎልተዋል፤ ጣቶች ረዝመዋል። በዚህ ዓመት የማይም ተዋናዩ ኤርዊን ኦዘን ሞዴል ሆኖለታል፤ ሐኪሙ ኤርዊን ፎን ግራፍ ደግሞ በቪየና የሴቶች ክሊኒክ ነፍሰ ጡሮችንና አራስ ሕፃናትን እንዲነድፍ ፈቅዶለታል። የአንዱ የተጋነነ የአካል እንቅስቃሴ የሌላው የሕክምና እይታ ተጨምሮበት ለመስመሩ አዲስ ቁሳቁስ ሰጥተውታል።

ሦስተኛ፣ ቀለሙ ከጌጥነት ወጥቶ ስሜት ተሸካሚ ሆኗል። ውሃ ቀለምና ጉዋሽ፣ ብዙ ጊዜም በቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ላይ፣ ቀይና ብርቱካናማ በዐይን ቆብና በክርን፣ አረንጓዴ በቆዳ ላይ ይቀባል። በአካሉ ዙሪያ በነጭ ጉዋሽ የሚደረገው ክበብ ለዚህ ዓመት ሥራዎች መለያ ሆኗል። ይህ ነጭ ክበብ በሥራ ክፍፍሉ ረገድ ትርጉሙ ትልቅ ነው። መስመሩ አካሉን ከባዶው ቦታ ለይቶታል፤ ቀለሙ ተመልሶ በውጭ በኩል ያንኑ ልዩነት ይደግመዋል። ማለትም በ1910 ቀለሙ መስመሩ የተናገረውን በላቀ ድምፅ ይናገራል፤ ነገር ግን ገና የመስመሩ አጃቢ ነው።

5. የመስመሩ መቅጠንና የቀለሙ መፍሰስ፦ 1911–1912

በ1911 ሺሌ ከሞዴሉና ከወዳጁ ከዋሊ ኖይትሲል ጋር ወደ እናቱ የትውልድ ከተማ ወደ ክሩማው ሄደ፤ የከተማው ሰዎች ስላልወደዱት በቪየና አቅራቢያ ወደምትገኘው ኖይለንግባህ ተዛወረ። በዚህ ዓመት የእርሳሱ መስመር እጅግ ይቀጥናል፤ የቀለሙ ውሃ ደግሞ ይበዛል። ቀለማት እርስ በርስ ይዋሐዳሉ፤ በአንዳንድ ቦታ ኩሬ ሠርተው ይደርቃሉ። የ1910 ነጭ ክበብ እየቀረ ይሄዳል። ቀለሙ የመስመሩን ቃል መድገም ትቶ የራሱን ሁኔታ፣ ማለትም ፈሳሽነቱንና አጋጣሚውን፣ ማሳየት ጀምሯል። ሞዴሉ በሌለበት የሚሠራው ክፍል በዚህ ዘመን ከፍተኛውን ነጻነት አግኝቷል ማለት ይቻላል።

በሚያዝያ 1912 ሺሌ ታሰረ። አካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ተያይዞ የቀረበበት ከባድ ክስ ቀርቶ፣ ሕፃናት በሚገቡበት ክፍል ውስጥ ለጨዋነት የማይገቡ ንድፎችን በማሳየት ተፈረደበት፤ በጠቅላላው ለ24 ቀናት ታስሯል። ዳኛው ከንድፎቹ አንዱን በፍርድ ቤቱ ውስጥ አቃጠለው። ይህን ጉዳይ የሠዓሊው ሰማዕትነት ብቻ አድርጎ መተረክ የተለመደ ነው። ነገር ግን ሺሌ ሕፃናትንና ወጣት ልጃገረዶችን እርቃናቸውን ነድፏል፤ የዛሬ ተመራማሪ ይህን በዝምታ ሊያልፈው አይችልም። ከላይ የቀረበው የአሠራር ማስረጃም ጥያቄውን ያጠብቀዋል። መስመሩ የሁለት ሰዎች መገናኘት መዝገብ ከሆነ፣ ከወረቀቱ ማዶ የነበረው ሰው ዕድሜ፣ ፈቃድና ድህነት ከሥራው ውጭ ያሉ ጉዳዮች አይሆኑም፤ ሥራው የተገኘበት ሁኔታ አካል ናቸው።

በእስር ቤት የተሠሩት ወረቀቶች ለጥናቱ መከራከሪያ ፈተና ናቸው። ሺሌ በእነዚህ ላይ ቀኑን ሳይቀር ጽፏል፤ በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች፣ ኮሪደሩንና ራሱን ነድፏል። ከእነርሱ አንዱ በእስረኛው አልጋ ላይ የተቀመጠች አንዲት ብርቱካን ያሳያል። ክፍሉ በሙሉ በደበዘዘ ቀለም ሲቀርብ ብርቱካኗ ብቻ ደምቃለች፤ ሺሌም በወረቀቱ ላይ ብቸኛዋ ብርሃን እርሷ እንደነበረች የሚገልጽ ጽሑፍ አስፍሯል። እዚህ ላይ የሚታየው ነገርና ቀለሙ በአንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ የሁለቱ ጊዜ ልዩነት ጠብቧል። ውጤቱም ከቀደሙት ይለያል፤ ቀለሙ ትዝታም ምናብም ሳይሆን ምልከታ ሆኗል። ስለዚህ የእስር ቤቱ ወረቀቶች ደንቡን ከማፍረስ ይልቅ ያጠናክሩታል፤ ሁኔታው ሲለወጥ የቀለሙም ባሕርይ ተለውጧልና።

6. ቀለም እንደ ቅርጽ ሠሪ፦ 1913–1915

ከእስሩ በኋላ ባሉት ዓመታት መስመሩ ዳግም ይጠነክራል። ውሃ የበዛበት ቀለም ቀርቶ ደረቅና ወፍራም ጉዋሽ ይመጣል፤ የብሩሹ ምት ለየብቻው ይታያል። በ1914 ሺሌ በብረት ሰሌዳ ላይ በመርፌ እየጫሩ የማተም ጥበብን ተማረ። በዚህ ዘመን በእርሳስ ንድፎቹም ላይ አጫጭር ጭረቶች በዋናው መስመር ዳርና ዳር ይታያሉ። ጭረቶቹ አካሉ ድቡልቡል መሆኑን ያመለክታሉ እንጂ ጥላ አይሠሩም። የቀለሙ ምቶችም እንዲሁ በአካሉ ላይ ዙሪያውን ይጓዛሉ፤ ቀለሙ ሥጋ መሥራት ጀምሯል።

በ1914 እና በ1915 የብዙ ሥዕሎቹ ፊት የአሻንጉሊት ይመስላል፤ ዐይኖቹ እንደ ቁልፍ ክብ ናቸው። ይህን ከመሰልቸት ወይም ከተስፋ መቁረጥ ጋር የሚያያይዙ ጸሐፊዎች አሉ። ከአሠራር አንጻር ሲታይ ግን የሽግግር ምልክት ነው። መስመሩ የአካልን ክብደት ሊሸከም እየሞከረ ነው፤ የፊትን ስሜት የሚሸከምበትን መንገድ ግን ገና አላገኘም። ሰኔ 17 ቀን 1915 ሺሌ ኤዲት ሃርምስን አገባ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ወደ ውትድርና ተጠራ።

7. መስመር ሁሉን ሲጠቀልል፦ 1916–1918

የውትድርና ዘመኑ ሥራውን ቀነሰው እንጂ አላቋረጠውም። በ1916 የሩሲያ መኮንኖች በታሰሩበት በሙሊንግ የጦር ምርኮኞች ካምፕ በጽሕፈት ሥራ ተመድቦ ሳለ ምርኮኞችንና የኦስትሪያ መኮንኖችን ነድፏል። እነዚህ ገጽ ምስሎች ከ1910 ሥራዎች ጋር ሲነጻጸሩ አስገራሚ እርጋታ አላቸው። ሠዓሊው የጠላት ጦር መኮንን ፊት ላይ የሚፈልገው መዛባትን ሳይሆን ያን ሰው ራሱን ነው።

በ1917 ወደ ቪየና ከተመለሰ በኋላ ከእርሳስ ይልቅ ጥቁር ጠመኔን አዘወተረ። ጠመኔው ጫናው ሲጨምር ይወፍራል፣ ሲቀንስ ይሳሳል፤ ስለዚህ አንድ መስመር ብቻውን ወሰንንም ጥላንም ሊያመለክት ይችላል። በፕራግ ብሔራዊ ጋለሪ የሚገኘው ጉልበቷን አጥፋ የተቀመጠች ሴት የምትታይበት የ1917 ሥራ የዚህ ደረጃ ምሳሌ ነው። የሸሚዟ አረንጓዴና የጸጉሯ ብርቱካናማ ደማቅ ቢሆኑም የመስመሩን ቅርጽ ይከተላሉ፤ በ1910 እንደነበረው አይጮኹም፣ በ1911 እንደነበረውም አይፈስሱም። በሁለቱ ጊዜያት መካከል ስምምነት ተፈጥሯል።

በ1918 የተሠሩት ንድፎች ደግሞ በአብዛኛው ቀለም የላቸውም። በየካቲት ወር ክሊምት ሲሞት ሺሌ በአስከሬን ክፍል የነደፈው ራስ፣ በጥቅምት 27 ደግሞ በሞት አፋፍ ላይ የነበረችውን ባለቤቱን ኤዲትን የነደፈበት ወረቀት ሁለቱም በጥቁር ጠመኔ የተሠሩ ናቸው። ኤዲት በማግስቱ፣ እርሱም በ31ኛው ቀን አረፉ። እነዚህን ሁለት ወረቀቶች በስሜት ማንበብ ቀላል ነው። ይሁንና ቀለም አለመኖሩ የሐዘን ምልክት ብቻ አይደለም፤ በዚያው ዓመት በተሠሩት የጤነኛ ሞዴሎች ንድፎችም ቀለም በብዛት የለምና። በዚህ ጊዜ መስመሩ የክብደትን፣ የጥላንና የስሜትን ሥራ በአንድነት ስለሚሠራ ቀለም የሚጨምረው ነገር አነስተኛ ሆኗል። ሁለተኛው ጊዜ በመጀመሪያው ውስጥ ተጠቅልሏል።

8. የሕይወት ታሪክ ንባብ ወሰን

ከላይ የተዘረዘረው ቅደም ተከተል በሕይወት ታሪክ ብቻ ለሚደረግ ማብራሪያ ሁለት ችግሮችን ያስቀምጣል። አንደኛ፣ ትልቁ ለውጥ የታየው በ1910፣ ማለትም ከእስሩም ከጦርነቱም በፊት ነው። ሁለተኛ፣ ጦርነቱ በተራዘመበትና ቪየና በምግብ እጥረት በተጨነቀችበት በ1917 የሺሌ አካላት ይበልጥ የሞሉ፣ የረጉና የተረጋጉ ሆነዋል። መከራ መዛባትን፣ ደስታ እርጋታን ይወልዳል የሚለው ቀመር ከወረቀቶቹ ዘመን ጋር አይገጥምም።

የመጨረሻዎቹን ሥራዎች የዕድገቱ ፍጻሜ አድርጎ መውሰድም ተመሳሳይ ስሕተት ነው። በመጋቢት 1918 በተካሄደው 49ኛው የቪየና ሴሴሽን ዐውደ ርእይ ዋናውን አዳራሽ ይዞ ታላቅ የሽያጭ ስኬት ያገኘው የ27 ዓመቱ ሠዓሊ የማጠቃለያ ሥራ እየሠራ እንደሆነ አያውቅም ነበር። እኛ የኋለኛ ዘመን ስልት የምንለው ለእርሱ የሥራው መካከል ነበር።

በአንጻሩ ሥራዎቹን በትክክል በየዓመታቸው ማስቀመጥ የሕይወት ታሪክ ቅንጦት አይደለም። ጄን ካሊር በ1990 ያሳተሙት ዝርዝር መዝገብ የወረቀት ሥራዎቹን በዓመትና በቁሳቁስ በማደራጀቱ ከላይ የቀረበውን ዓይነት ንጽጽር እንዲቻል አድርጓል። መዝገቡ ሌላም ጥቅም አለው። በዳካው ማጎሪያ በ1941 የሞተው የቪየናው የካባሬ ተዋናይ ፍሪትስ ግሩንባውም ወደ 80 የሚጠጉ የሺሌ ሥራዎች ነበሩት፤ ከእነዚህ ሰባቱ በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ለወራሾቹ ተመልሰዋል። አንድን ወረቀት ከሌላ ተመሳሳይ ወረቀት ለመለየት የቁሳቁስ፣ የመጠን፣ የፊርማና የዘመን ገለጻ ወሳኝ ነው። ቀላልና ተንቀሳቃሽ የሆነ ወረቀት በቀላሉ ከባለቤቱ ሊነጠል ስለሚችል፣ የአሣሣል ዕድገት ጥናትና የባለቤትነት ታሪክ ጥናት በዚህ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ።

9. ማጠቃለያ

የሺሌ የወረቀት ሥራዎች ዕድገት በአራት ደረጃዎች ሊጠቃለል ይችላል። በ1910 ቀለም የመስመሩን ቃል በላቀ ድምፅ ደገመ፤ በ1911 ከመስመሩ ተላቅቆ ፈሰሰ፤ ከ1913 እስከ 1917 ከመስመሩ ጋር ሥጋን መቅረጽ ተማረ፤ በ1918 ሥራውን ለመስመሩ አስረክቦ በአብዛኛው ተወ። ይህን ሂደት ለማየት የሚያስፈልገው ወረቀቱ በስንት ጊዜ፣ በማን ፊት፣ በምን ቁሳቁስ እንደተሠራ መጠየቅ ነው። በወረቀት ላይ የተሠሩ የማንኛውንም ዘመናዊ ሠዓሊ ሥራዎች የሚያጠና ተመራማሪም ሥራው ምን ስሜት እንደሚገልጽ ከመጠየቁ በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ቢያስቀድም፣ የሠዓሊውን ሕይወት በሥዕሉ ላይ ከመጫን ይድናል፤ ከወረቀቱ ማዶ የነበረውንም ሰው አይዘነጋም።